የቀረው ኩላሊት

ሰው ሁሉ «እንዴት አይቀፍሽም?» ይላታል። እሷ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ተቀምጣ፣ ከሰው ገላ ተቆርጦ የወጣውን ሁሉ ተቀብላ፣ በስለት ከፍታ፣ በማይክሮስኮፕ አይታ፣ ይሄ ካንሰር ነው ያኛው አይደለም ብላ የምትናገር ፓቶሎጂስት ናት። ሐሞት ከረጢቱ፣ ማህፀኑ፣ አንዳንዴም እግር ከነጣቱ ይወርድላታል። አሳንሰር ውስጥ ስትገባ የላይኛው ፎቅ ሐኪሞች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ሥጋው እንዳይበላሽ የሚነከርበት የፎርማሊን ሽታ ከጋውኗ አይለቅማ። እሷ ግን «ሥጋ ምን በደለኝ?» ብላ ትስቃለች። የመገለ ኩላሊት በእጇ ላይ ሲፈስ እንኳ ፊቷ አይጨማደድም። በሥራ ዘመኗ ቋቅ ያሰኛት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ሽቶ የሚቀባ፣ ጥፍሩ የጸዳ፣ ሙሉ ጤነኛ ሰው ነበር።

ሰውየው የኩላሊት ቀዶ ሐኪም ነው። «እጀ መድኃኒት» ይሉታል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ክፉ አፍ ያላቸው ራሱ ነው ያወጣው ይላሉ። እውነት ለመናገር እጁ ቀልጣፋ ነበር። ምላሱ ደግሞ ማር ነው። በሽተኛው አልጋ ዳር ቁጭ ይልና፣ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «እኔ እያለሁ?» ይላል። ሌላ ንግግር የለውም። በዚችው ቃል ስንቱን አስለቅሷል፣ ስንቱን አስመርቋል።

ሐኪሞቹ በሳምንት አንዴ ተሰብስበው ስለከበዱ በሽተኞች ይመክራሉ። አንድ ቀን እጀ መድኃኒት የአንዲት ልብስ ሰፊ የሲቲ ስካን ምስል ግድግዳው ላይ አወጣ። ሴትዮዋ ሃምሳን ያለፈች፣ የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋች አንድ ሴት ልጇን ያለ አባት ያሳደገች ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ግራ ኩላሊቷ ካንሰር ይዞት እሱ ራሱ እንዳወጣላት ተናገረ። አሁን ደግሞ በቀረው በቀኙ ላይ የወይን ፍሬ የሚያህል እብጠት ታይቷል። ካንሰሩ ተመልሷል ማለት ነው አለ። ያሰበውም ያንን ኩላሊት አውጥቶ ሴትዮዋን የኩላሊት እጥበት ላይ ማዋል፣ ጊዜው ሲፈቅድም የልጅቷን ኩላሊት መትከል ነበር። ልጅቷ እሰጣለሁ ብላለች፤ ደሟም ተመርምሮ ከእናቷ ጋር ገጥሟል።

ፓቶሎጂስቷ የመጀመሪያው ካንሰር ምን ዓይነት እንደነበር ጠየቀችው። የኩላሊት ዕጢ ብዙ መልክ እንዳለው፣ ገዳይም ደህናም እንዳለበት፣ በምስል ብቻ ደግሞ ሁልጊዜ እንደማይለይ ሁሉም ያውቃል።

«ካንሰር ካንሰር ነው፣ እህቴ» አላት።

እንግዲያው የቀረውን ኩላሊት ከማውጣታችን በፊት በመርፌ ናሙና ይወሰድለት አለች። እሱም ምድር ቤት የሚውል ሰው ካልወጋ አያምንም ብሎ ቤቱን አሳቀ። ሳቁ ሳይበርድ የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ተያዘ።

እሷ ወደ ሆስፒታሉ የመጣችው ገና በቅርቡ ስለነበር የዛሬ ስድስት ዓመቱን ኩላሊት አላየችውም። ግን የወጣ ነገር ሁሉ ጥቂት ጥቂቱ ሰም ውስጥ ተቀብሮ መጋዘን ይቀመጣል። ወርዳ አስፈለገችው። ከሰሙ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ ተላጠላትና ቀለም ውስጥ ነክራ የተለጠፈበትን ቀጭን መስተዋት ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገባች።

ሴሎቹ ክብ ክብ፣ ሆዳቸው ሮዝ ዱቄት የተጠቀጠቀበት የሚመስሉ፣ እርጋታ ያላቸው ነበሩ። እየተቧደኑ ነጣ ባለ ልል መስክ ላይ እንደ ደሴት ተቀምጠዋል። የሚጋፋ የለም፣ የሚሸሽ የለም። ኦንኮሳይቶማ ይባላል። ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ደህና ዕጢ ነው፤ ካለበት ቦታ ወጥቶ ሰው አይገድልም። ነገር ግን መንታው የሚመስል አንድ ካንሰር አለ፤ አዋቂ ሳይቀር ያሳስታል። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ብላ ሁለቱን የሚለዩትን ልዩ ልዩ ቀለሞች አስነከረች። ካንሰሩ ቢሆን ሰማያዊ መሆን የነበረበት ሰማያዊ አልሆነም። ቡናማ መሆን የነበረበትም እዚህም እዚያም አንዳንድ ሴል ካልሆነ በቀር ባዶውን ቀረ። ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። ሴትዮዋ ካንሰር ኖሮባት አያውቅም።

ከእሷ በፊት በዚያ ወንበር የነበሩት አዛውንት ሐኪም ጡረታ ወጥተዋል። የጽሑፍ ውጤታቸው ከመዝገቡ ውስጥ አልነበረም፤ ምናልባት እሳቸው ተሳስተው ካንሰር ብለው ይሆናል ብላ ደወለችላቸው። መሳሳት ያለ ነው፤ ይቅር ለማለት ልቧን አዘጋጅታ ነበር። ሽማግሌው ግን ዕጢውን ጥርት አድርገው ያስታውሱታል።

«ደህና ነው ብዬ ነግሬዋለሁ እኮ። ቢሮው ድረስ ሄጄ በአፌ ነግሬዋለሁ።»

«ታዲያ ሴትዮዋ ለምን አታውቅም?»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ልጄ? የእሱ በሽተኛ ናት።»

ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወሯት ጀመር። ጥሩ የጉልበት ሐኪም ታውቂ እንደሁ አሏት።

የእጀ መድኃኒት ቢሮ ሲያዩት ሙሽራ ቤት ነው። የአመስጋኞች አበባ፣ በፍሬም የተሰቀለ የበሽተኛ ምርቃት፣ ከረሜላ በሳህን። አንድ ከረሜላ ጋበዛት፤ አልወሰደችም። ያየችውንም ሽማግሌው ያሉትንም ነገረችው። ይክዳል ብላ ጠብቃ ነበር። አልካደም። እንዲያውም ዘና ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምን ጎዳኋት? ኩላሊትሽን ያለ ነገር አወጣሁት ብላት ዕድሜ ልኳን ስትብሰለሰል ትኖር ነበር። እኔ ከሞት ተረፍኩ የሚል ደስታ ሰጠኋት። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትመርቀኝ ኖራለች።»

«ማውጣትዎን አልወቅስም» አለችው። «በምስል አይለይም፤ ማንም ያወጣው ነበር። አውጥተው ሲያበቁ ካንሰር ነበር ማለትዎ ነው።»

«ሰው ካልፈራ አያመሰግንም፣ እህቴ።»

የባሰው ከዚህ በኋላ መጣ። ታዲያ የቀኙን ካንሰሩ ተመልሷል ብለው በሐኪሞች ሁሉ ፊት እንዴት ተናገሩ ስትለው ከልቡ ግራ ተጋባ። መጀመሪያውኑ ያልነበረ ካንሰር ሊመለስ እንደማይችል ያን ጊዜ ገና የታየው ይመስል ነበር። ውሸቱን ለበሽተኛው፣ ለቤተሰቡ፣ ለተማሪዎቹ እየደጋገመ ሲያወራው እሱም አምኖት ኖሯል። ያንን ፊት ስታይ አቅለሸለሻት። አውቆ የሚዋሽን ሰው ቢያንስ ትደርስበታለህ፤ ይሄኛው ግን የገዛ ውሸቱን ጠግቦ የተኛ ሰው ነበር።

«ያሁኑ ግን ካንሰር ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

«በምን አወቁ?»

ተነስቶ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ ደክሞሻል፣ ትንሽ እረፍት ውሰጂ ብሎ በሩን ከፈተላት። ምድር ቤት ወርዳ ጋውኗን አወለቀችና ወደሚታጠበው ከረጢት ወረወረችው። የዚያን ዕለት ጠዋት አንጀት ስትከፍት ያረፈደችበት ጋውን ነው፤ አልቀፈፋትም ነበር። ሽቶው ነው የቀፈፋት።

ወዲያው ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር ነገረችው። ዳይሬክተሩ ነገር የሚፈራ ሰው ነው። ገመናችንን አደባባይ አናውጣ፣ እሱን እንደሆነ ሰው ይወደዋል አላት። እሷም ቢያንስ መርፌውን ፍቀድልኝ፣ የሰው የመጨረሻ ኩላሊት ነው ብላ ከወንበሯ አልነሳም ስትል፣ ላብ በላብ ሆኖ ፈቀደ። ቀዶ ሕክምናው ተላለፈ።

ናሙናው በሚወሰድበት ቀን፣ መርፌው የሚበቃ ሥጋ ይዞ መውጣቱን ለማየት እሷም ወደ ላይ ወጣች። ፓቶሎጂስት ኩላሊት እንጂ ፊት አያይም። እዚያ ግን ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው ላይ፣ ልጇ ከአጠገቧ ነበሩ። ሴትዮዋ አጠር ያለች፣ ጣቷ በመርፌ የሻከረ፣ ለቀልድ የምትቸኩል ሰው ናት። ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ስወጋ ኖሬ ዛሬ ተራው የኔ ደረሰ አለቻት። ፓቶሎጂስቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ።

በሴትዮዋ አፍንጫና ጉንጭ ላይ የአሸዋ ፍሬ የሚያህሉ፣ ነጣ ነጣ ያሉ ጉብታዎች ነበሩ። ብጉር አይደሉም። ዞር ብላ ልጅቷን አየቻት። እሷም አፍንጫዋ ዳር ጥቂት ጥቂት አሏት።

ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ የቤተሰብ መልክ ነው፣ አባቴም ወንድሜም አላቸው አለች። ልጅቷ ደግሞ ብጉር ነው እያሉ ስንት ቅባት አቃጠሉኝ ብላ ተነጫነጨች። ከዘመድ ሳንባው ድንገት የተነፈሰ ሰው አለ ወይ ስትላቸው እናትና ልጅ ተያዩ።

«ወንድሜ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ሳንባው እንደ ጎማ ተነፈሰ አሉን። እርስዎ ይሄን በምን አወቁ?»

በትምህርት ዘመኗ ካነበበችው በስተቀር አጋጥሟት የማያውቅ በሽታ ነበር፤ በዘር የሚወርድ። ፊት ላይ እነዚያን ጉብታዎች፣ ሳንባ ውስጥ የአየር ፊኛዎች፣ ሁለቱም ኩላሊት ላይ ደግሞ ዕጢ ያወጣል። ዕጢዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብለው የሚያድጉ፣ ኦንኮሳይቶማን የሚመስሉ ናቸው። አልፎ አልፎ ክፉ ስለሚወጣባቸው በየጊዜው ይታያሉ፤ ሲያድጉም ዕጢው ብቻ ተፈልቅቆ ይወጣና ኩላሊቱ ይተርፋል። ፊቱን አይቶ የጠየቀ አንድ ሐኪም ቢኖር ኖሮ ነገሩ ድሮ በታወቀ ነበር። እጀ መድኃኒት ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ፊት ፊት ለፊት ሲያየው ኖሯል፤ ያየው ግን ምርቃቱን ነው።

የልጅቷ ደም እንጂ ኩላሊቷ ገና አልታየም ነበር። በዚያው ሳምንት ሲቲ ስካን ተነሳች። ግራና ቀኝ ኩላሊቷ ላይ ትናንሽ ዕጢዎች፣ ሳንባዋ ሥር የአየር ፊኛዎች ተገኙ። ለእናቷ ሊቆረጥላት የታሰበው ኩላሊት እሱም የዚያው ዛፍ ፍሬ ነበር።

የእናቲቱ ናሙና ክር የምታህል ቀጭን ነገር ናት። ፓቶሎጂስቷ ደጋግማ አየቻት። እነዚያው ሮዝ ሴሎች ነበሩ፤ ግን ክር በምታክል ሥጋ አፏን ሞልታ ለመናገር ስላልደፈረች ሌላ አገር ላሉ ሁለት የሙያ ጓደኞቿ መስተዋቱን ላከችላቸው። ሁለቱም እሷ ያየችውን አዩ። የዘር ምርመራውም ውጤት መጥቶ ጥርጣሬዋ ልክ መሆኑን አረጋገጠ።

እንዲህ ያለውን ውጤት የሚናገረው የበሽተኛዋ ሐኪም ነው። እሷ ግን ለዚያ ሰው አፍ ልትተወው አልሆነላትም። እናትና ልጅን ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ኩላሊቱ አይወጣም፤ እጥበት የለም፤ ልጅቷም አትቆረጥም፤ ሁለቱም በየዓመቱ ይታያሉ። ልጅቷ እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። ሰፍታ የጨረሰችውን ልብስ ገልብጣ እንደምታይ ሁሉ ነገሩን ስትገለብጠው ቆየች።

«የመጀመሪያውስ?» አለች።

«እሱም እንደዚሁ ነበር።»

«ካንሰር ነው ብለውኛል እኮ።»

«አልነበረም። ሐኪምዎ ያኔውኑ ያውቁ ነበር።»

ሴትዮዋ ለፓቶሎጂስቷም ለራሷም በማይመስል ድምፅ ትናገር ጀመር። ያኔ ካንሰር ነው ስትባል፣ ወጥቷል ቢሏትም ዕድሜዋ የተቆጠረ መስሏት ነበር። ልጇ ኮሌጅ ገብታ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ዓይኔ ሳይከደን ቤት ይዘሽ ልይሽ ብላ አለቀሰችባት። ላገኘችው የመጀመሪያ ሰው፣ ደህና ሥራ አለው ላሏት፣ ዳረቻት። ልጅቷም ለሞት የምትሄድ እናቷን እምቢ ማለት አልሆነላትም፤ ትምህርቷን ጥላ አገባች። ሰውየው እጁ ለዱላ የሚፈጥን ሆኖ ተገኘ። ሦስት ዓመት ችላ፣ አንድ ጥርሷን እዚያው ጥላ፣ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች።

ልጅቷ እጆቿን ከፊቷ አወረደች። የጎደለው ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«ለደህና ዕጢ ነው የተዳርኩት በይኛ፣ እማዬ።»

ወዲያው በሩ ተከፈተ። እጀ መድኃኒት ነው፤ ወሬው ደርሶት እየተቻኮለ መጥቷል። ፓቶሎጂስቷን እንዳላየ አለፋትና እጁን ዘርግቶ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ እናት! ጸሎትሽ ተሰማ። ካንሰሩ ወደ ደህና ዕጢ ተለውጧል። እኔ እያለሁ አላልኩሽም?»

እጁንም እንደ ልማዱ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ።

ልብስ ሰፊዋ ግን እጁን አላየችም፤ ሸሚዙን ነበር የምታየው። ሰማያዊ፣ ቀጭን መስመር ያለው፣ ኮሌታው ልክክ ያለ ሸሚዝ ነው። የገዛ ስፌቷ ነበር። ግራ ኩላሊቷ ከወጣ ጀምሮ በየዓመቱ ጥሩ ጨርቅ መርጣ አንድ አንድ ስትሰፋለት ኖራለች።

«ዶክተር፣ ሸሚዙን ያውልቁልኝ» አለችው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«እዚሁ ያውልቁት። ገላዎ ላይ ሳየው ይቀፈኛል።»

ድምጿ ከፍ አላለም። እሱም እጁን ከትከሻዋ አነሳና፣ አንዴ ልጅቷን አንዴ ፓቶሎጂስቷን አይቶ፣ የሚረዳው ሰው ሲያጣ ጋውኑን ከላይ እስከ ታች ቆለፈ። ሸሚዙ እንዳይታይ ነው። ከዚያ ሌላ በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው ብሎ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ የእጅ መታጠቢያውን ከፈተች፣ ፎጣ አረጠበችና ትከሻዋን ከቀሚሱ በላይ ፈትጋ ጠረገች። ልጇ ይበቃል እማዬ እስክትላት ድረስ አላቆመችም።

አቤቱታ ቀረበ። ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ሰዎች ፓቶሎጂስቷን ጠርተው ስትናገር አፍንጫቸውን ይዘው የሚያዳምጡ ያህል ነበሩ። አንደኛው ይሄን ሁሉ ያመጣው ቅናት እንዳይሆን ሲል ጠየቃት። ሽማግሌው ምስክር ሲባሉ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ አላስታውስም አሉ። መጨረሻ ላይ እጀ መድኃኒት በበሽተኛ አያያዝ ረገድ ጉድለት አሳይቷል ተብሎ ተመከረ፤ ተመከረ ነው የተባለው። ብዙም ሳይቆይ በራሱ ፈቃድ ለቅቆ የግል ክሊኒክ ከፈተ። አንዳንድ በሽተኛ አሳንሰር ውስጥ፣ ካንሰር በጸሎት ወደ ደህና ዕጢ የተለወጠላት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ሐኪሙ ራሱ ነው የነገረኝ ሲል ፓቶሎጂስቷ ትሰማለች። ያን ጊዜ መውረጃዋ ሳይደርስ ትወርድና የቀረውን በደረጃ ትሄዳለች።

የሴትዮዋ ዕጢ በሁለተኛው ዓመት ትንሽ አደገ። ሌላ ቀዶ ሐኪም፣ ወሬ የማታበዛ ወጣት ሴት፣ ዕጢውን ብቻ ፈልቅቃ አውጥታ ኩላሊቱን መልሳ ሰፋችው። ልብስ ሰፊዋ አፏን ሳትይዝ ስፌትሽ እንዴት ነው፣ አይተረተርም ወይ አለቻት። ኩላሊቱ ደህና ይሠራል። የልጅቷ ዕጢዎች ባሉበት ናቸው። ወደ ኮሌጁም ተመልሳለች፤ ከሷ በስድስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር መቀመጡ እያናደዳት ትማራለች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እናትና ልጅ አንድ ቀን ምድር ቤት ድረስ ወረዱ። ሴትዮዋ ከሆዷ የወጣውን በዓይኗ ማየት ፈልጋ ነው። ፓቶሎጂስቷ ወንበሯን ለቀቀችላትና ማይክሮስኮፑን በልኳ አስተካከለችላት። ልብስ ሰፊዋ አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። ሮዝነቱን፣ ረድፉን፣ የሴሎቹን እኩልነት ስታይ፣ ጨርቅ ቢሆን ለሕፃናት ቀሚስ እገዛው ነበር አለች። ከዚያም ልጇን ነይ እስቲ እይው ብላ ጠራቻት።

ልጅቷ በሩ ላይ እንደቆመች አልፈልግም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ፓቶሎጂስቷም አላግባባቻትም። መብራቱን አጥፍታ መስተዋቱን ወደ ሳጥኑ መለሰችው፤ ሦስቱም በደረጃው ወደ ላይ ወጡ።